ከምስክርነቴ በኋላ ያቆምኩት መድኃኒት

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳል ነበር። ሰበታ ውስጥ በአቧራ የማይስል ማን አለ ብዬ ሦስት ሳምንት ናቅሁት። አክታዬ ሲመረመር የሳምባ ቲቢ ተገኘ። በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ ሲስተሯ ፊት መድኃኒቱን እንድውጥ ታዘዘልኝ፤ ለስድስት ወር።

በሁለተኛው ወር ሳሉ ጠፋ። የጸሎት ቡድናችን መሪ ኦቦ ገመቹ፣ "እሑድ ትመሰክሪያለሽ" አሉኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከተማችንን ካስጨነቀ ወዲህ ምእመኑ አንድ ደስ የሚል ወሬ ናፍቆት ነበር። መድረክ ላይ ወጥቼ "ጌታ ፈጽሞ ፈውሶኛል" አልኩ። እልልታው ቀለጠ።

በማግስቱ አንዲት ዘማሪ ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘችኝ።

"ውይ፣ አንቺ ተፈውሰሽ የለ እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ሳቀች።

አፈርኩ፤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

ከወር በኋላ ደም ተፋሁ።

በተቃውሞው መንገዱ ተዘግቷል። ጎማ ይቃጠላል። ታክሲ የለም። ስልክ አይሠራም። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ ተናደድኩ። ለሞቱት ጸለይን፣ ለታሰሩት ጸለይን፤ አሁን ደግሞ ይሄ! ስንቱን ነው የምንጸልየው? "ጌታ ሆይ" ማለት ራሱ ሰለቸኝ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ ወሬውን ሰምተው መጡ፤ ደግፈውኝ በእግር ጤና ጣቢያ ደረስን።

"ማን አቁሚ አለሽ?" አለ ሐኪሙ።

"ማንም። መስክሬ ስለነበር ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እኔም አማኝ ነኝ፤ ባክቴሪያው ግን ቸርች አይሄድም።"

"ያቻኮልኳት እኔ ነኝ" አሉ ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፍተው።

ደግነቱ ባክቴሪያው ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲንን፣ አልተላመደም ነበር፤ ሕክምናውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ኦቦ ገመቹ በየማለዳው እየመጡ፣ መንገድ ላይ የተደረደረውን ድንጋይ አብረን እየዞርን፣ እኔ በማስክ ውስጥ እያጉረመረምኩ እሳቸው ደግሞ ቀስ ብለው እየጸለዩ፣ ክኒኑን ውጬ እስክመለስ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ችግሩ አላለቀም፤ ንዴቴም አልበረደም። ግን አንድ ቀን ጸሎታቸውን ሲጨርሱ "አሜን" ስል ራሴን ሰማሁ።

ዛሬ ድኜ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጌታን፣ ሐኪሙን፣ ሲስተሯንና ኦቦ ገመቹን አመሰግናለሁ። ቲቢ ይዟችሁ ይህን የምታነቡ፣ መስክሩ ስትባሉ "መድኃኒቴን ስጨርስ" በሉ። ቅር ካላቸው ቅር ይበላቸው። እኔ ሰው እንዳይከፋው ብዬ ልሞት ነበር፤ ጌታ ግን ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።