ለአሰልጣኙ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ዴንቨር ውስጥ ለቤዝቦል አሰልጣኝ ሽማግሌ የላከ ሰው ካለ እኔ ነኝ። አትሳቁ። የሚያስቅ ነገር ቢሆንማ እኔ ራሴ እስካሁን ስቄ በጨረስኩት ነበር።

ጨዋታውን የተማርኩት ኤርፖርት ነው። የሆቴል መንገደኞች የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ፤ እኛ ሾፌሮች አውሮፕላን እስኪገባ የምንጠብቅበት ሰፊ ፓርኪንግ አለ። እዚያ ቆሜ ሬዲዮ ስከፍት ሁልጊዜ ቤዝቦል ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ጨዋታ ይባላል? አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ የቀረው ቆሞ ሱፍ ይቆረጥማል» እያልኩ አሾፍ ነበር። ፍቅሩን ያስያዙኝ አበልጄ ናቸው፣ የልጄ የክርስትና አባት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታክሲ ነድተዋል፤ ያን ሁሉ ዘመን መሪ ጨብጠው የሰሙት ቤዝቦል ነው። «ፒቸሩን ተመልከት፣ ወርዋሪውን» ይሉኛል። «ጨዋታው ያለው እሱ ክንድ ላይ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ አልታጠፍ ትለዋለች፤ ከተመታች ተራራው ላይ ካልደረስኩ ትላለች። የዴንቨር ፒቸር ቶሎ ነው የሚደክመው።»

እንግዲህ የከተማችን ቡድን ጨዋታ ያስጀመረው ፒቸር መመታት ሲጀምር የእኛም ጭቅጭቅ ይጀምራል። እሳቸው ሁልጊዜ «ያውጣው፣ ያሳርፈው፣ ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ «የጀመረ ሰው ይጨርስ! ሁለት ጊዜ ተመታ ተብሎ ወንድ ልጅ ከሜዳ ይጎተታል እንዴ?» እላለሁ። ግሪን ቫሊ ራንች የሚኖር አንድ ሾፌር ጓደኛችን መሃል ይገባና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይስቅብኛል። ክርክሩ ያኔ ጨዋታ ነበር። ሰውየውን አናውቀው፣ አያውቀን፣ ክንዱ የእኛ አይደለ።

ከዚያ ልጄ አውሮራ ውስጥ በሚማርበት ሃይስኩል ፒቸር ሆነ። ያውም ጨዋታ አስጀማሪ! ምን ልበላችሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አልበቃኝም። የጫንኩት መንገደኛ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ልጄ ሳይሰማ ሆቴል አልደረሰም። ጨዋታ ባለ ቀን ሺፍት እየቀየርኩ ሦስታችንም ሄደን ብረቱ ወንበር ላይ እንደረደራለን፤ አበልጄ የታመመ ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጓደኛችን ሱፉን ይዞ፣ እኔ ድምፄን ይዤ። ልጄ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየንና ፈገግ ይላል። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ በሕይወቴ ብዙ የለም።

ሚያዝያ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጠዋት በረዶ ጥሎ ከሰዓት ፀሐይ በሚወጣበት በዚያ ቀልበ ቢስ ወር፣ የልጄ ኳስ መድረሻዋን አጣች። አንዱን ጨዋታ ወረወረ፣ ተመታ። ሁለተኛውንም ተመታ። በሦስተኛው ገና ጨዋታው ሳይጋመስ አሰልጣኙ ሄዶ ኳሷን ከእጁ ተቀበለው። 

«ደግ አደረገ» አሉ አበልጄ። «ልጁ ደክሟል። ትከሻውን አላየኸውም? ሲወረውር ወደ ጎን እየጣለው ነው።»

«እርስዎ ደግሞ! ትከሻው ምን ሆነ? ሞራሉ ነው የወደቀው። ሞራል ደግሞ ቤንች ላይ ተቀምጦ አይነሳም!»

«ሞራልና ክንድ የተለያየ ነገር ነው፣ ልጄ።»

ጓደኛችን እንደ ልማዱ ቀለደ፤ እኔ ግን ያን ቀን ቀልድ አልገባኝም። በማግስቱ ልጄ፣ ለተወሰነ ጊዜ ጨዋታ እንደማያስጀምር በእንግሊዝኛ ነገረኝ። «ለምን?» ብዬ ጮህኩ። ትከሻውን ነቅንቆ ክፍሉ ገባ። እኔ መልሱን ራሴ ሠራሁት፤ አሰልጣኙ ንቆት ነው። እኛ አፋችንን ዘግተን የምንኖር ሰዎች መስለነው ነው።

በዚያው ሳምንት ራት ላይ ልጄ እንጀራውን በግራ እጁ ሲቆርስ አየሁት። «በየት አገር ነው በግራ የሚበላው? ከሰው ጋር ነው እኮ የምትበላው! በቀኝህ!» አልኩት።  ቀኝ እጁን አነሳ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ። ባለቤቴ ታየው ነበር። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሰው ሳይናገር የት እንዳመመው ማወቅ እንጀራዋ ነው። ልጁ ሲነሳ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሳያመው አይቀርም» አለችኝ። «ያመመው ቤንቹ ነው!» አልኳት። አሁን ያን ቃል ሳስታውሰው አፌን መምታት ያምረኛል።

እኛ ዘንድ መቼም ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ ይላካል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ። ሽማግሌ ደግሞ በባዶ እጁ አይመለስም፤ እሺ እስኪባል ድረስ ተቀመጡ ቢባልም አይቀመጥም፣ ቆሞ ይለምናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አበልጄን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ ያዝኳቸውና አሳቤን ነገርኳቸው።

«ጤና የለህም እንዴ?» አሉኝ። «ይሄ ጋብቻ ነው? ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው። እኔም ብሆን አሳርፈው ነበር፤ ስንት ጊዜ ነገርኩህ።»

«ክርስትና ያነሱት ልጅ እኮ ነው። እርስዎ ያልቆሙለት ማን ይቁምለት?»

 እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል የክርስትና አባት የለም፤ እኔም ይህንን አውቄ ነው ያልኩት። «እሺ፣ በአንተ ይሁን» አሉኝ በመጨረሻ፤ ፊታቸው ግን አልፈቀደም ነበር።

እሳቸው፣ አንድ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርና ያ ሾፌር ጓደኛችን ሄዱ። ላኪ አብሮ አይገባምና እኔ ትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ቀረሁ። ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ጓደኛችን ነው። አሰልጣኙ ነጠላቸውን ያጣፉ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ክው ብሎ ተነሳ አሉ። ወንበር ሰጣቸው። አልተቀመጡም። ውሃ ሰጣቸው። አልተቀበሉም። አበልጄ በዚያ የታክሲ እንግሊዝኛቸው «ስለ ልጃችን ልንለምንህ ነው የመጣነው፤ አጥፍቶም ከሆነ ማርልን፤ ጨዋታውን መልስለት» አሉት። ሰውየው ግራ ገባው። «ምክንያት አለኝ፣ ግን እኔ ልነግራችሁ አልችልም» አለ። እነሱም ቆመው ጠበቁ። ሲቸግረው ልጄን ከልምምድ አስጠራው።

ልጄ ሲገባ ሦስቱም ቆመዋል። አበልጄ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ግድግዳ ተደግፈዋል። አሰልጣኙ፣ «አሁን ደህና ነህ? ማክሰኞ ማስጀመር ትችላለህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ አሰልጣኙን አላየም፤ እሳቸውን ነው ያየው። ከዚያ «አዎ፣ ደህና ነኝ» አለ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፣ ውሃውን ጠጡ፣ አሰልጣኙን መረቁት። ይህን ስሰማ መኪናው ውስጥ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ማክሰኞ ከተራራው በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ልጄ የመጀመሪያዎቹን መቺዎች አንድ በአንድ መለሳቸው። «አላልኩዎትም?» እያልኩ አበልጄን ጎን ጎናቸውን እነካለሁ። የእሳቸው ዓይን ልጁ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ኳሷ መሬት መሬቱን መምታት ጀመረች።

«በቃው፣ ያውጣው» አሉ።

«ይቆይ!»

«አንተ ሰው፣ ያውጣው እልሃለሁ! ክንዱን እያራገፈ ነው!»

አሰልጣኙ ተጫዋቾቹ ተራ ከሚጠብቁበት ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ልጄ መራመድ ጀመረ። እኔ ብድግ አልኩና ሰው ሁሉ እየሰማኝ በእንግሊዝኛም በአማርኛም «ተወው! ይጨርስ!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። አልሳቀም። ከዚያ ለአሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀና ኳሷን አልሰጥም አለ። ሰውየው ተመለሰ።

አንድ ኳስ ነው የወረወረው። ኳሷ የት እንደደረሰች ዛሬም አላውቅም። ልጄ ክርኑን በግራ እጁ ይዞ ቁጢጥ አለ፣ ቀና አላለም። አበልጄ «ወይኔ ልጄን!» ሲሉ ነው የሰማሁት። እኔ ድምፄ ጠፋ።

ሐኪሙ ፎቶውን እያሳየን ክርኑን የያዘው ጅማት እንደተበጠሰ ነገረን። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሲጠይቀው ልጄ ወለሉን እያየ «አምስት ሳምንት» አለ። ባለቤቴ የልጁን ጃኬት አንስታ ጥላኝ ወጣች፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። አሰልጣኙ ኮሪደሩ ላይ ነጠል አድርጎ ነገረኝ። ልጁ ራሱ ነው ለካ ክንዴን አሞኛልና አሳርፈኝ ያለው፤ አባቴ እንዳይሰማ ብሎም ለምኖታል። «ቤተሰቡ መጥቶ እሱም ተሽሎኛል ሲለኝ አመንኩት። ማመን አልነበረብኝም» አለና ዓይኑን ጠረገ። እኔ ንቆናል ስል የነበረው ይህንን ሰው ነው።

መኪና ውስጥ «ለምን አልነገርካቸውም? ቢሮው ውስጥ አሞኛል ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት።

«አባባ ቆመው ነበር» አለኝ፣ የክርስትና አባቱን ማለቱ ነው። «በዚያ ጉልበታቸው። ለእኔ ብለው መጥተው እንዴት አሳፍራቸዋለሁ?»

እኔ እኮ ይህ ልጅ ከእኛ የወሰደው ነገር የለም ብዬ ስማረር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቋንቋው ተሰባብሮ ነው የሚወጣው፣ ጾሙን በግድ ነው የሚጾመው። ይሉኝታን ግን ሙሉውን፣ ምንም ሳይጎድል ወስዶታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያስደበቀውስ?

ቀዶ ጥገናው ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ኳስ አልወረወረም። አበልጄ ቤት መጥተው ልጁን ይቅርታ ጠየቁት። ወደ እኔ ዞረውም «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያላመንኩበትን አማለድኩ» አሉ። የለም፣ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጥፋቱን እሳቸው ሲሸከሙልኝ ዝም ብዬ አየሁ። አሁንም ኤርፖርት ብቅ ይላሉ፣ ሬዲዮውንም እንሰማለን፤ ፒቸሩ መመታት ሲጀምር ግን ሁለታችንም አንናገርም።

ባለፈው በጋ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ቶርንተን አፓርታማ ተከራየ። ዕቃውን በቫኔ ወሰድኩለት። ሶፋውን ደረጃ ላይ ይዘን ስንወጣ ከላይ በኩል ሆኖ ፊቱን ሲያጨማድድ አየሁት። «አመመህ?» አልኩት። «ኖ፣ አይም ጉድ፣ ደህና ነኝ» አለ። ሶፋውን እዚያው ደረጃው መሃል አስቀመጥኩት። ይህን ያህል ጊዜ ሳልለው የኖርኩትን ለማለት አፌን ከፈትኩ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ እኔ…» ከማለቴ «ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ» አለኝና ቶሎ ብሎ የሶፋውን ጫፍ አነሳ። በግራ እጁ ነው ያነሳው።

ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ እንዳላፍር ብሎ ይሁን አላውቅም። ብጠይቀው ደግሞ የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ።