የጭልሞ ዘበኛ መጥረቢያ

እንግዳወርቅ በጉብዝናው ጊዜ መጋዝ ሳቢ ነበር። ጭልሞ ጫካ ብቅ ሲል ጥዱ ገና ከሩቅ አይቶት ራሱን ስቶ ይወድቃል ይሉታል። እሱ ከላይ፣ ጓደኛው ዱጋሳ ከታች ሆነው እየሳቡ የጊንጪን ከተማ በርና መስኮት ግማሹን አውጥተዋል። ሰጋቱራው ሁልጊዜ የሚወርደው ታች ያለው ሰው ላይ ነውና፣ ዱጋሳ እስከ ዛሬ ዓለምን የሚያያት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው።

በኋላ ጫካውን የሚጠብቅ የነዋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም እንግዳወርቅን ዘበኛ አደረጉት። የቆራጭን መንገድ ቆራጭ ያውቃል ብለው ነው። እሱ ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው። ችግኝ ለችግኝ እየዞረ እንዴት አደርሽ ይላል። ፍየል ቀና ብላ ቅጠል ካየች ይቆጣታል። ጉሬዛ እንኳ ቅርንጫፍ የሚሰብረው ግራ ቀኙን አይቶ ነው።

በሁለት ሺህ አሥር፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ዱጋሳ በማለዳ ደጁ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ እንግዳወርቅ። መጥረቢያህን አውሰኝ፤ የኔ ዛቢያው ተሰብሯል።»

መጥረቢያ ለጎረቤት አይከለከልም፤ ለምንህ ነው ማለትም ነውር ነው። ሰጠው።

ከሰዓት በኋላ ጫካ ሲዞር የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። ተከትሎ ቢሄድ፣ ዱጋሳ አንድ ቀጥ ያለ ጥድ ግማሽ ድረስ ቆርጦታል።

«ሐሙስ ሐሙስ በታች በኩል አይደል እንዴ የምትዞረው?» አለ ዱጋሳ፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው።

«መጥረቢያውን አምጣ።»

«የራስህን ልትቀማ?»

«ደንብ ነው። የተያዘ መጥረቢያ የማኅበሩ ነው።»

ዱጋሳ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። «የቤቴን ምሰሶ ምስጥ ጨርሶታል። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው የልጅ ልጆቼ ላይ ነው የሚወርደው። ባሕር ዛፍ ባቆም እንደ ሸንኮራ ይመጠዋል። ምስጥ የማይደፍረው ጥድ ነው፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ።»

እንግዳወርቅ መጥረቢያውን ተቀበለው። ዝም ቢል ማንም አላየ፤ ጉሬዛ ቀርቦ አይመሰክር። ቢናገር ደግሞ ዘበኛው ራሱ መጥረቢያ አቀበለ ተብሎ መባረሩ ነው። ጥዱ ግን ከነቁስሉ ፊቱ ቆሟል።

እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። «የቆረጠው ዱጋሳ ነው። መጥረቢያው የኔ ነው። በሁለታችንም ፍረዱ።»

ሊቀመንበሩ ኦቦ ቶኩማ ብረቱን አገላበጡት። «ከአሁን በፊት ሌባ የጠፋው መጥረቢያ አጥሮት ኖሯል፤ አሁን ዘበኛው ያውሰዋል» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። መጥረቢያው ተወረሰ፤ ሁለቱም የጥድ ችግኝ ተክለው እስኪጸድቅ እንዲንከባከቡ ተፈረደባቸው።

«ዘበኝነቱስ?» አለ እንግዳወርቅ።

«ራሱን የሚከስ ዘበኛ ሌላ ከየት እናመጣለን? ሂድ ሥራህን ሥራ።»

የዱጋሳ ቤት ግን እንዳዘመመ ነው። እንግዳወርቅ ጓሮ ከመጋዙ ዘመን የተረፈ አንድ የጥድ ግንድ ነበረ፤ ለሬሳ ሣጥኑ ብሎ ያስቀመጠው፣ ሲያልፍ ሲያገድም ዳበስ የሚያደርገው። ማግስቱን ከዱጋሳ ጋር ሊያወጡት ሲታገሉ ሚስቱ መንበረ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ በምን ልትቀበር ነው?»

«በባሕር ዛፍ።»

«ምስጥ ይበላሃል።»

«ያኔ እኔ አልሰማውም። የዱጋሳ የልጅ ልጆች ግን ዛሬ ማታም እዚያ ቤት ነው የሚያድሩት።»

መንበረ ግንዱን አየችው፤ እሱንም አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የግንዱን አንድ ጫፍ ያዘች።

«አንሱ እንግዲህ» አለች፣ «የዱጋሳን ቤት ዳገት ለብቻችሁ አትችሉትም።»