ደረቷን ለእኔ ተዪልኝ

ልጄ ጡት እምቢ ያለችው ጠዋት ነው። ሳሉ ከጀመራት ሰንብቷል፤ በውርጭ ወራት የማይስል ልጅ በመንዝ ስለሌለ ብዙም አልፈራሁም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጡቴን ያዘችና ለቀቀችው። እንደገና ያዘች፤ እንደገና ለቀቀች። ርቧታል። መጥባትና መተንፈስ አብረው አልሆኑላትም። ያን ጊዜ ልቤ ድንግጥ አለ።

ባለቤቴ ቄስ ናቸው። ተረኛ ቀዳሽ ስለነበሩ ሳይነጋ ወደ ደብሩ ሄደዋል። ቅዳሴ የገባ ካህን ሳይጨርስ አይወጣም። ይህን አውቄ ነው ያገባኋቸው፤ በዚያ ጠዋት ግን ከበደኝ። የምጠራው ሰው የባለቤቴ እናት፣ አማቴ ብቻ ነበሩ። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው።

አማቴ መጥተው የልጅቱን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ነኩ። ቃል ሳያበዙ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

"ተነሽ፤ አልብሺያት" አሉኝ። "ብርድ እንዳይገባት።"

አለበስኳት። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ በዚያ ላይ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ። አማቴ ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው ከሁሉ በላይ ደረቡላት። ልጅን ከብርድ የምንጠብቀው እንዲህ ነው። አዝዬያት ወጣን።

የታዘለ ልጅ ፊቱ አይታይም። ትንፋሿን በማጅራቴ ብቻ እሰማ ነበር። በየትንፋሹ መጨረሻ "እህ" የምትል ትንሽ ድምፅ አለች፤ ሸክም የከበደው ሰው አቀበት ላይ የሚያሰማት ዓይነት። አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁ ጎረቤቶች ሰላም ሲሉን መልሱን ለአማቴ ተውኩት። ያችን ድምፅ እንዳላጣት ሰጋሁ።

"እማማ፣ እስቲ ፊቷን ይዩልኝ" እላለሁ።

"ተኝታለች፤ ሂጂ።"

"ከንፈሯስ?"

"ሂጂ አልኩሽ!"

አማቴ ሲፈሩ ይቆጣሉ። በዚያ መንገድ ጤና ጣቢያው ያለበት ከተማ፣ ቀየት እስክንደርስ ሲቆጡኝ ነበር።

የጤና ጣቢያው በረንዳ በሰው ተሞልቷል። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ነርስ ባለተራ ለመጥራት ከበሩ ብቅ አለች። ዓይኗ እኛ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። የምትጠራውን ሰው ሳትጠራ፣

"አንቺ፣ ልጅ ያዘልሽው፣ ነይ ግቢ" አለች።

ገባሁ፤ አማቴም ተከተሉኝ። "ከጀርባሽ አውርጂና ጭንሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪያት። አታስተኚያት። እንዳታለቅስ ቀስ በይ" አለችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ከዚያ መጥታ ትነካታለች፣ ትለካታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣችም። በሩ አጠገብ ቆማ ልጄን ታያለች። ፊቷን አየች፤ አንገቷን አየች፤ ልብሱ የተከመረበትን ደረቷን አየች፤ ተመልሳ ፊቷን አየች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

በእኛ አገር ልጅ እንዲህ አይታይም። ያየ ሰው "ማርያም ታሳድግሽ" ይላል፤ ካላለም ዓይኑን ቶሎ ይመልሳል። ዝም ብሎ ልጅ ላይ ማፍጠጥ ያስፈራል። የታመመ ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

"ምን ታፈጥጥባታለች?" አሉ አማቴ። "አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ማርያም ታሳድግሽ ማለት አልለመደም?"

ነርሷ ዓይኗን አላነሳችም።

"ሸፍኚያት!" አሉኝ አማቴ።

ሸፈንኳት። የነጠላዬን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣል አደረግሁ። እኔም ፈርቻለሁ።

"አትሸፍኚያት፣ እናት። እያየኋት ነው" አለች ነርሷ።

"እሱንማ እኛም አየን!" አሉ አማቴ።

ከበሩ ውጭ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ነርሷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። መጣችና ከፊቴ ተንበረከከች። የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ "ማርያም ታሳድግሽ" አለቻት፣ ልጄን ራሷን። ከዚያ ወደ አማቴ ቀና አለች።

"እማማ፣ ሳልነካት ማየት ስላለብኝ ነው። ከነካኋት ታለቅሳለች። ካለቀሰች የቀራትን ጉልበት ትጨርሰዋለች፤ እኔም ትንፋሿን በትክክል አላውቀውም። ይምጡ፣ አብረን እንያት።"

አማቴ እያጉረመረሙ ቀረቡ። ባናው ወረደ፤ ጋቢው ወረደ፤ ሹራቦቹ ተገለጡ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ከጎድን አጥንቶቿ ሥር ያለው ገላ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሆዷ ይነሳል፣ ደረቷ ይጎደጉዳል። የአፍንጫዋ ክንፎች ይርገበገባሉ። ከቤት እስከዚያ ድረስ ይህ ሁሉ ከልብሱ ሥር ነበር።

አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ነርሷ ሰዓቷን እያየች የልጄን ትንፋሽ ቆጠረች። ስትጨርስ የእግሯን ጣት ቀይ መብራት ባላት ትንሽ መቆንጠጫ ያዘችው። በላይዋ ላይ የወጣውን ቁጥር እኔም አየሁት፤ ትርጉሙን ግን የነገረኝ የነርሷ ፊት ነው። ሳትጮህ፣ አንገቷን ብቻ አዙራ፣ ለባልደረባዋ "አምቡላንሱን አስነሱልኝ" አለች።

"ምን ሆነችብኝ?" አልኩ።

"ሳንባ ምች ነው፤ ከባዱ። እዚህ የምሰጣትን እሰጣታለሁ፤ ግን ሆስፒታል መድረስ አለባት። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫዋ ሥር አድርጋ ኦክስጅን ከፈተችላት። ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት። ልጄ መርፌ ስትወጋ ቤቱን በጩኸት የምታናጋ ልጅ ናት። በዚያ ቀን ፊቷን ብቻ ጨምደድ አደረገች። ነርሷ ይህንንም አየች። ማየቷን አየሁ።

አማቴ ከብብታቸው የጸበል ጠርሙስ አወጡ።

"በአፏ ምንም አይሰጣትም፣ እማማ፤ ትንፋሿ ውስጥ ይገባል" አለች ነርሷ።

"ጸበል ነው እኮ!"

"ግንባሯን ይቀቡላት። እኔንም ይቀቡኝ።"

አማቴ ትንሽ አሰቡና ሁለቱንም ቀቧቸው። ከዚያ ጋቢውን ሊደርቡ ሲሉ ነርሷ እጃቸውን ያዘች።

"ምነው? በብርድ ልትፈጂያት ነው?"

"ራሷንና እግሯን ሸፍኑ። እናቷ ከገላዋ ጋር ታስጠጋት፣ ሙቀቱ ይበቃታል" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ደረቷን ግን ለእኔ ተዪልኝ። የማየው እሱን ነው።"

መኪናው ውስጥ ስንገባ ሌላ ነገር ነገረችኝ። "ይህቺን የማቃሰት ድምፅ ትሰሚያታለሽ? አየር ለመያዝ እየታገለች ነው። በመንገድ ዝም ካለች ተሻላት፣ ተኛች ብለሽ እንዳትደሰቺ። ደክሟት ይሆናል። ዝም ስትል ጩኺብኝ።"

ጩኺ አለችኝ። እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። በሠርጌ ዕለት እንኳን የመለስኩትን ቃል የሰሙት ከአጠገቤ የነበሩት ብቻ ናቸው።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናው ሲዘል ቱቦው ይንቀሳቀሳል፤ ነርሷ በአንድ እጇ ቱቦውን፣ በሌላው የአልጋውን ብረት ይዛለች። አማቴ ከሹፌሩ ጋር ተጣሉ።

"አንተ፣ በግ ነው የጫንከው?"

"ምን ላድርግ እማማ? ቀስ ካልኩ አንደርስም፤ ከፈጠንኩ ይሰድቡኛል።"

"ቀስ ብለህ ፍጠን!"

ነርሷ ፈገግ አለች። ዓይኗ ግን ከልጄ ደረት አልተነቀለም። እኔም የምታየውን አይ ነበር። ይሰረጉዳል፤ ይመለሳል። ይሰረጉዳል፤ ይመለሳል። መጸለይ ፈለግሁ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቃለሁ፤ አንድም ስንኝ አልመጣልኝም። "እመቤቴ" ብቻ እላለሁ። የቀረውን እሷ ታውቀዋለች።

አንድ ቁልቁለት ላይ ነርሷ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ለማየት ጎንበስ አለች። በዚያ ቅጽበት "እህ" የምትለዋ ድምፅ ቀረች።

ጠበቅሁ። የመኪናው ጩኸት ውጧት ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አፏ ላይ ደገንሁ። የለችም። የልጄ ፊት ደስ የሚል ሆኗል፤ ግንባሯ ተፈታ፣ አፍንጫዋ ረጋ። ያልተነገራት እናት ተመስገን ልጄ ተኛችልኝ ትል ነበር። ወደ ደረቷ አየሁ። አይሰረጉድም። አይነሳም።

"ሲስተር!" ብዬ ጮኽኩ። "ዝም አለች! ልጄ ዝም አለችብኝ!"

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ነርሷ ልጄን ከክንዴ ወሰደች፤ አልጋው ላይ አጋድማ አገጯን ትንሽ ቀና አደረገች፤ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ገጥማ ከጭምብሉ ጋር የተያያዘውን የአየር ከረጢት በእጇ ጨመቀችው። የልጄ ደረት ተነሳ። ለቀቀችው፤ ወረደ። ጨመቀች፤ ተነሳ። ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ከመኪናው ውጭ ንፋስ ብቻ ይሰማል። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የልጄን እግር ይዣለሁ። እግሯ ቀዝቅዟል።

በዚያ መሃል የአማቴን ድምፅ ሰማሁ። እንዲያ ሲለማመጡ ሰምቻቸው አላውቅም።

"እዪያት የኔ ልጅ" ይሏታል ነርሷን። "ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። እዪያት፣ እናቴ፣ እዪያት።"

ነርሷ ከረጢቱን እየጨመቀች ታይ ነበር።

መጀመሪያ ከንፈሯ ትንሽ ቀላ። ከዚያ ጣቷ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያች ድምፅ ተመለሰች፤ "እህ"። ነርሷ "ንዳው" አለች ለሹፌሩ። ሆስፒታሉ እስክንደርስ እጇን ከከረጢቱ አላነሳችም፤ ልጄ ስትተነፍስ ታግዛታለች፣ ስትደክም ትተነፍስላታለች። አማቴ ከዚያ ወዲያ ሹፌሩን አልተናገሩትም።

ሆስፒታል ተቀበሉን። ነርሷ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሙ ነግራው በዚያው መኪና ተመለሰች። አላመሰገንኳትም። ልጄን ይዘው ወደ ውስጥ ሲገቡ ተከትዬ ሮጬ፣ ዞር ስል ሄዳለች።

ባለቤቴ ከቅዳሴ ወጥተው ነገሩን ሲሰሙ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን እንኳን በቅጡ ሳይለውጡ ነው የተነሱት። ወደ ማታ ደረሱ። አልጋው አጠገብ ቆመው "ትተነፍሳለች?" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። እኔም ሌላ ነገር አልመለስኩም፤ የአልጋውን ልብስ ገለጥሁና ደረቷን አሳየኋቸው። አብረን ቆመን አየን። ባለቤቴ ቀስ ብለው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ቃሉ ለእኔም የተመለሰልኝ።

ስርጉዳቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። አንድ ጠዋት ልጄ ጡቴን ያዘችና አለቀቀችውም። አለቀስሁ። አማቴ "ወተቱን ታጎመዝዢዋለሽ፣ ዝም በይ" አሉኝ፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀየት ላይ ከመኪና ወረድን። ነፋሱ ይቆርጣል። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ አዝዬያታለሁ፤ ፊቷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌያለሁ፤ የመንዝ ንፋስ ነውና። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እንደዚያን ዕለቱ ሰው ሞልቷል። ነርሷ ባለተራ ልትጠራ ብቅ አለች። አየችን፤ ቆመች። ዓይኗ ወደ ጀርባዬ ሄደና እዚያው ቀረ። 

እኔ ገና አንደበቴን ሳልፈታ አማቴ በትከሻዬ ይዘው አዞሩኝ። ነጠላውን ከልጄ ፊት ላይ ገፈው፣ የጋቢውን ጠርዝ ወደ ታች ሳቡ።

"እዪያት" አሏት። "ጠግበሽ እዪያት።"

ነርሷ ከደረጃው ወርዳ ቀረበች። ፊቷን አየች፤ አንገቷን አየች፤ ትንፋሿን አየች። ልጄ ነጩን ጋውን ስታይ አፏን ከፍታ በረንዳውን አናጋችው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ነርሷ ወደ ኋላ አላለችም፤ እየሳቀች ቆማ ጩኸቷን እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ማርያም ታሳድግሽ" አለቻት።

"አሜን!" አልኩ። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙኝ።