ዕውቀት የሌለኝ ታናሽ አገልጋይዎ

ሰኞ ጥር 4 ቀን 1951 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ የአሰላ ወኪል ሆኜ ሥራ ጀመርኩ። ቢሮዬ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የጽሕፈት መኪና ነበረኝ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ጋዜጣው የቀጠረኝ ጽሕፈቴ ንጹሕ ስለሆነ ነው እንጂ ዜና ስለማውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው እንግዳዬም ዜና ይዞ አልመጣም። መምህር ከድር ይባላሉ። አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ እዚያው አርሲ ተወልደው ያደጉ፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ።

«ከፍርድ ቤቱ በር ሳጣህ ጊዜ ታስሯል ብዬ ነበር» አሉና አንድ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

ወረቀቱ ጥሪ ነበር። በሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ላይ የሥነ ልቡና ባለሙያዎችና መምህራን ጉባኤ ይደረጋል። ከጠቅላይ ግዛት ለሚመጡ የመጓጓዣና የማደሪያ እርዳታ አለ። ልምድ ላለውም ሰው የመሪነት ቦታ ይሰጣል። መሪ የሚባለው ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤ የሚገቡ ሦስት መምህራንን ይዞ እስከ መጨረሻው የሚያማክር፣ በስማቸውም በጉባኤው ፊት የሚናገር ሰው ነው። መሪ ያልሆነ መቀመጥ ይችላል፤ መናገር ግን አይፈቀድለትም።

መምህር ከድር የፈለጉት መናገሩን ነበር። ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የአእምሮ መመዘኛ ፈተና መጥቶ ነበር። ፈታኙ ጥያቄውን በቃል ያነባል፣ ሰዓቱን ይይዛል፤ ልጁ በሃያ ሰከንድ ካልመለሰ ዜሮ ይጻፍበታል። የተረጎመው ሰው ለገጠር ልጅ ይቀርባል ብሎ በየጥያቄው ከብት አስገብቷል። ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ «አባትህ አሥራ ሁለት ከብት አለው። አምስቱ ቢሞቱ ስንት ይቀሩታል?» ከመምህር ከድር ተማሪዎች ሰባቱ ከቁጥር አራት እስከ ዘጠኝ አፋቸውን አልከፈቱም። በስማቸው አንጻር «ደካማ አእምሮ» ተብሎ ተጻፈ። ውጤቱ እስከ ሰኔ ካልታረመ አምስተኛ ክፍል አይገቡም።

መምህር ከድር ከሰባቱ አንዷን፣ ሩቂያ የምትባለውን፣ ከትምህርት በኋላ በኦሮምኛ ጠየቋት። «ሆሪን አባ ሂንለካአሙ» አለቻቸው። የአባት ከብት አይቆጠርም ማለቷ ነው። አምስቱን በአፍ መግደል ደግሞ ሟርት ነው።

«እኔም በእሷ ዕድሜ ብጠየቅ ዝም እል ነበር» አሉኝ።

ማመልከቻውን በዚያው ጠዋት ጻፍኩ። የጻፍኩትም እንደለመድኩት ነው፦ «እኔ ዕውቀት የሌለኝ ታናሽ አገልጋይዎ፣ ለዚህ ከፍ ያለ ማዕረግ የማልበቃ ስሆን፣ ስለ ቸርነትዎ ብለው…»። በፍርድ ቤቱ በር ከዚህ ሌላ አጀማመር አላውቅም ነበር። መምህር ከድር አንብበው በጣም ደስ አላቸው። ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ያምራል ብለው ፈረሙ።

መልሱ በየካቲት መጀመሪያ ደረሰ። የጉባኤው ኮሚቴ ማመልከቻዎቹን አስተርጉሞ የሚያነብ የውጭ አገር ጸሐፊ ነበረው። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ «አመልካቹ ዕውቀት እንደሌላቸውና ለቦታው እንደማይበቁ በራሳቸው ቃል ስለ ገለጹ፣ የመሪነቱን ቦታም ሆነ የጉዞውን እርዳታ ለመስጠት አልተቻለም። ግልጽነታቸውን እናመሰግናለን።»

መምህር ከድር ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ግልጽነቴን አመስግነዋል» አሉ። ደብዳቤውንም አጥፈው፦ «አንተ አትዘን። የፈረምኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?»

የካቲት 20 ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶናል።

በዚያ ሳምንት ወደ ዋና አዘጋጁ ወደ አቶ ዘለቀ ስልክ የምደውልበት ቀን ነበር። የገብስ ዋጋና የመንገድ ወሬ ካስተላለፍኩ በኋላ የሆነውን ነገርኳቸው። አቶ ዘለቀ ሲስቁ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ሰውዬው ያውቃል?»

«ብዙ ያውቃሉ።»

«ብዙ ማለት ምንድን ነው? አንተ አይተሃል? ማን አይቷል? የት? እሱን ጻፍ። የእኔን ስልክ አትፍጅ።»

ወደ መምህር ከድር ሄጄ ስለ ሥራቸው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ራሴን በአፌ አላመሰግንም፣ ከፈለግህ የሚያውቁኝን ጠይቅ አሉኝ። ደብተራቸውን ግን ሰጡኝ። በደብተሩ ውስጥ የልጆቹ ውጤት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ የመለሰው ቃል ግን እንዳለ ሰፍሯል። ያልመለሰም ከሆነ ወዴት እንዳየ፣ እጁን ምን እንዳደረገ ተጽፏል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥር አራትን በእንቁላል ለውጠው ሰባቱን እንደገና ጠይቀዋል። አሥራ ሁለት እንቁላል፣ አምስቱ ተሰበሩ። ሰባቱም ሰባት ብለው መልሰዋል።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ኦጎልቾ ወረድኩ። እዚያ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል መምህርት ነበረች፤ ሥራ ስትጀምር ያሠለጠኗት መምህር ከድር ናቸው። ምን አስተማሩሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም» አለችና ሳቀች። «መጥተው ከኋላ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ እየጠየቅሁ እኔው እመልሳለሁ፤ ፈርቼ ነው። ማታ ሊሄዱ ሲሉ 'ልጅ ዝም ሲልሽ አንቺም ዝም በዪ። በልብሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪ' አሉኝ። በቃ፣ ሄዱ።»

«ሠርቷል?»

«አሁንም እቆጥራለሁ» አለች። ከእሷ በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት መምህራንም በዚሁ መንገድ እንደ ሠለጠኑ ነገረችኝ። ስማቸውን ጻፍኩ። ማክሰኞ ዲክሲስ ሄጄ ሌላ አንድ መምህር አገኘሁ፤ እሱም ከኋላ መቀመጣቸውን አስታወሰ።

ሁለተኛው ማመልከቻ አንድ ገጽ ነበር። ዕውቀትም ቸርነትም የሚል ቃል አልነበረበትም። መምህር ከድር አራት መምህራንን አሠልጥነዋል፤ ስማቸውና ቦታቸው ይህ ነው። ያደረጉት ይህ ነው፤ ያየው እገሌ ነው። ሰባት ልጆች ቁጥር አራትን አልመለሱም፤ በእንቁላል ሲጠየቁ መልሰዋል። የደብተሩ ቅጂ ተያይዟል።

መምህር ከድር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ይህ ሰው ማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ብዕር አንሥተው አንድ ቃል ሰረዙ። «በትጋት» የሚል ነበር።

«ይህን ማን አየ?» አሉና ፈረሙ።

ፖስታውን አላመንኩትም። የካቲት 20 ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በተነሣው አውቶቡስ በናዝሬት በኩል አዲስ አበባ ገባሁ፤ ማመልከቻውንም በእጄ አስረክቤ የተቀባዩን ፊርማ ይዤ ተመለስኩ። በመጋቢት አጋማሽ የመሪነቱም ቦታ የጉዞውም እርዳታ ተፈቀደ።

ጉባኤውን ለጋዜጣዬ የዘገብኩት እኔ ነኝ። መምህር ከድር የተሰጧቸውን ሦስት አዲስ መምህራን ፊት አስቀምጠው ራሳቸው ከኋላቸው ተቀመጡ። ሁለት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ተራቸው ሲደርስ ተነሡ። መድረኩ ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሊቀ መንበሩ ግን በከብት አገር ያደጉ አንድ ሽማግሌ ሹም ነበሩ። መምህር ከድር ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ አባትዎ አሥራ ሁለት ከብት አላቸው። አምስቱ ቢሞቱ ስንት ይቀሯቸዋል?»

አዳራሹ ዝም አለ። መምህር ከድርም ዝም አሉ። እየቆጠሩ እንደሆነ ገባኝ።

«አንተ ሰው» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «አባቴ ምን አደረጉህ?»

«ምንም አላደረጉኝም፣ ጌታዬ። ጥያቄው ከፈተናው ቁጥር አራት ነው። ሃያ ሰከንድዎ አልቋል፤ ዜሮ አግኝተዋል። አሰላ ላይ ሰባት ልጆች ከእርስዎ ጋር ዜሮ አግኝተዋል።»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ መድረኩ ላይ ደረሰ። አስተርጓሚው ለባለሙያዎቹ ነግሮ እስኪጨርስ ድረስ ሊቀ መንበሩ እየጻፉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቁጥር አራት እስከ ዘጠኝ ያሉት ጥያቄዎች እንዲለወጡ፣ ሰባቱም ልጆች እንደገና እንዲፈተኑ ተወሰነ። በሰኔ ተፈተኑ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በዘገባ ሥራ ቆይቻለሁ። ለአዳዲስ ዘጋቢዎች የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ሰው ስትጽፉ ያደረገውን፣ ያደረገበትን ቀንና ያየውን ሰው ጻፉ። ቅጽል ካስገባችሁ መምህር ከድር ይሰርዙታል።

በመስከረም 1952 የአምስተኛ ክፍሉን መዝገብ ለማየት ሄድኩ። የስድስቱ ልጆች ስም ነበር፤ የሩቂያ አልነበረም። ቤተሰቧ በክረምቱ ወደ አቦምሳ ተዛውሯል አሉኝ። በኅዳር ለእህል ገበያ ዘገባ አቦምሳ በሄድኩ ጊዜ የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስከፈትኩ። አምስተኛ ክፍል፣ ተራ ቁጥር 14 ላይ ስሟ ተጽፏል።