ያላነበብኩት ወረቀት

ሮቤ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈራችን ፊደል የቆጠርኩ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ከጊኒር ወይም ከደሎ መና ደብዳቤ ሲመጣላቸው ወደ እኔ ይዘው ይሮጣሉ። ያን እወደው ነበር። መንግሥት ተለውጦ የቢሮው ጽሑፍ ኦሮምኛ፣ ፊደሉም ቁቤ ሲሆን ግን ቋንቋውን እየተናገርኩ ላቲኑን ማንበብ አቃተኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ አላፈረም። ጡረታ እንደወጣ ከጎረቤታችን ልጅ፣ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ቁቤ ይማር ጀመር። እሱ በፈንታው ሒሳብ ያሳያታል።

«ጋሼ፣ ይቺን ትናንት አሳይቼዎት ነበር እኮ።»

«አርጅቻለሁ፣ መምህሬ፤ አትቆጪኝ።»

አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት፣ «ይህን ሁሉ ሽበት ይዘህ ከሕፃን ትማራለህ?» አልኩት። ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ተመልሳም አልመጣች።

ክረምት ላይ ልጅቷ ዲንሾ አጎቷ ዘንድ ሳለች እናቷ ከቀበሌ የታደለ ወረቀት አመጣችልኝ። ባለቤቴም ጎባ ሄዶ ነበር።

«አዴ፣ ምን ይላል?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ማኅተሙን አየሁና «የጽዳት ዘመቻ ነው» አልኳት። እሷም ለጎረቤቶቿ እንዲሁ ነገረች። ወረቀቱ ግን የቧንቧ ውኃ ምዝገባ ነበር፤ ስድስት ቤት ሳይመዘገብ ቀረ።

ባለቤቴ ሲመለስ «ማን አነበበላቸው?» ብሎ ጠየቀ። «እንጃ» አልኩት። እውነቱን ሳልነግረው ሞተ።

አርባው ካለፈ በኋላ የልጅቷ እናት ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ በሯ ላይ ጠብቄ እውነቱን ነገርኳት። ጀሪካኑን አወረደች።

«ለምን አላሉኝም?»

«አፍሬ።»

«ልጄ ለሰፈሩ ሁሉ ማንበብ ጀምራ ነበር፣ አዴ። እርስዎ ካሳፈሯት ወዲህ ግን በሰው ፊት ደብተር አትከፍትም።»

ይህን አላውቅም ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ኋላ ቆማ ትሰማለች። እንድታስተምረኝ ለመንኳት።

«አይስቁብኝም?» አለችኝ።

«አልስቅም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ይምጡ።»

ከቅዳሜ በፊት ለቀሩት አምስት ቤቶችም በራሴ አፍ ልነግራቸው ወስኛለሁ። እስካሁን ሁለቱ ጋ ሄጃለሁ። ሦስተኛዋ በር ላይ ደርሼ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።