በሃያ ደቂቃ ከቢቸና ሞጣ

ነሐሴ 2006፣ ቢቸና፣ ንጋት 12 ሰዓት

እቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሌሊቱን ሞጣ ላይ ዐረፈች ብሎ ልጇ በጎረቤቴ ስልክ ነገረኝ። እናታችን ገና በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ እናቱን ሊያስታምም በቅርቡ መጣ።

«አይጨነቁ አጎቴ፣ ስልኩ ላይ አይቸዋለሁ። ከቢቸና አውሮፕላን ሜዳ ሞጣ አውሮፕላን ሜዳ ሃያ ደቂቃ ነው። ለመኪና ብዬ አራት እጥፍ ጨመርኩበት፤ ቀብሩ አራት ሰዓት ነው ብያለሁ» አለኝ።

ኧረ አይሆንም ልጄ ልል ስል መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ።

አውሮፕላን ሜዳ ይለዋል! እዚያ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ያየሁት ጢሜ ጥቁር ሳለ ነው። ዛሬ በሬ ይግጥበታል። ክረምት ከገባ ቢቸናም ሞጣም ደሴት ናቸው፤ ዙሪያቸው ጭቃና የወንዝ ሙላት። ይህን ስልኩ ማን ይንገረው?

1 ሰዓት ተኩል፣ መናኸሪያ

መኪናው ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ለቅሶ አለብኝ ብል ሾፌሩ ባዶ ነድቼ እኔም ላልቅስ ወይ አለኝ። ሰው የሚሞላበትን ጊዜም ስልኩ አልቆጠረውም።

3 ሰዓት፣ ደብረ ወርቅ

አንድ ሽማግሌ መሪጌታ አጠገቤ ተቀመጡ። ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቅ አሉ። በበቅሎ ስንሄድ አድረን ነበር የምንገባው፣ ይህ ስልክ የለካው ሰማዩን ነው አሉኝ።

4 ሰዓት፣ ከደብረ ወርቅ አለፍ ብሎ

መኪናው እስከ ሆዱ ሰጠመ። ወንዶች ወረድን፤ ድንጋይ ለጎማው፣ ትከሻ ለመኪናው። ጭቃው ጉልበቴን ሲያልፍ ሰዓት ጠየቅሁ። አራት ነው አሉኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ሞጣ ዞሬ ቆምኩ።

«አባባ፣ ይግፉ እንጂ፤ ምን ቆመው ያያሉ?» አለ ሾፌሩ።

«እቴን እየቀበርኩ ነው» አልኩት።

እጁን ከመኪናው ላይ አነሳ። መሪጌታው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ ሁሉም ተከተላቸው። ከዚያ ገፋን።

8 ሰዓት ተኩል፣ ሞጣ

አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መንገድ መንገድ አይተው ነበር አሉ፤ ካህናቱ ግን ለፍልሰታ ቅዳሴ መግባት ነበረባቸው። ወደ ለቅሶው ድንኳን ስገባ አንዲት ሴት የሟች ወንድም አኩርፎ ቀረ ስትል ደረስኩ። ጭቃ የለበሰ እግሬን አየችና የእግር ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ብዙ አለቀሰ። ሲቆይ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ አጎቴ፣ ይኸው እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የሚለው፣ እያለ።

ስልኩን ራሴው ኪሱ ውስጥ መለስኩለት።

«ልጄ፣ የኔም ቀን ሩቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ትመጣለህ። የቢቸና ሰው መንገዱን በጭቃው ነው የሚቆጥር። አይዞህ፣ ሳይቀብሩኝ ይጠብቁሃል።»