«አጥፋው» አለኝ

አባቴን ደረቱን ሲያመው አድሮ ጠዋት ስለባሰበት፣ በራሱ አሮጌ መኪና ከአረቅጥ ወደ አታት ሆስፒታል ይዘነው ወረድን። እኔ እነዳለሁ፤ እናቴ ከኋላ ወንበር ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደግፋዋለች። መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ የመኪናውን ሆድ ጓ አድርጎ መታው። ጥቂት እንደሄድን ቀዩ የዘይት መብራት በራ።

አባቴ ዕድሜውን በሹፌርነት የጨረሰ ሰው ነበር። ቀና ብሎ መብራቱን አየና «አጥፋው» አለኝ።

«አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረን፤ እንደምንም ያደርሰናል።»

«አያደርስህም። ያለ ዘይት ሞተሩ ይነክሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይነሳም። አጥፋው ብያለሁ!»

በሕይወቴ መሪ ይዤ እሱን እንቢ ብዬው አላውቅም። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዘይቱ እንደ ውሃ ይፈሳል። መንገዱ መሃል ቆሜ እጄን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ስንቱ አለፈን። በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆመልን። ከሹፌሩ ጋር ተሸክመን ጋቢና ስናስገባው የአባቴ እጅ ቀዝቅዞ ነበር። እናቴ ግን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስታናግረው፣ እኔ ከላይ ጭነቱ ላይ ሆኜ ድምጿን እሰማ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ መኪናውን ወልቂጤ ጋራዥ አስጎትተን ወሰድነው። መካኒኩ የሆነውን አያውቅም።

«በጊዜ ስላጠፋችሁት ሞተሩ ተርፏል፤ ዕድለኞች ናችሁ» አለን።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እስካሁን ያቺ መኪና ውስጥ አልገባችም። ገበያ የምትሄደው በባጃጅ ነው።